«የአንቺ ነኝ» ይላል፣ ግን ምኗን ነው የወደደላት?

ብርቱካን_ልጣጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምር እርዳታ የምፈልግበት ጉዳይ አለኝ።

እህቴ ልታገባ ነው። ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። እጮኛዋ ጊታር እየተማረ ነው። ገና ጀማሪ ነው፣ ግን ደፋር ነው። በሠርጋችን ላይ የጄሰን ምራዝን «አይም ዮርስ» እዘፍንላታለሁ ብሏል። ዘፈኑን ሁላችሁም ሳታውቁት አትቀሩም። እኛ ሚሌኒየም ስናከብር፣ በ2000 ዓ.ም. የካቲት ላይ የወጣ ነው። ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ አዝዛችሁ ከሆነ ሰምታችሁታል።

አያታችን እንግሊዝኛ አይሰሙም። እህቴ «እማማ ሳይገባቸው እንዴት ይሆናል? አንቺ ወደ አማርኛ መልሺውና በወረቀት እናነብላቸዋለን» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። ገና ርዕሱ ላይ ቆምኩ። በእንግሊዝኛው «የአንተ» ይሁን «የአንቺ»፣ «የእርስዎ» ይሁን «የእናንተ» አይለይም። ያው አንድ ቃል ነው። በአማርኛ ግን አፌን ሳልከፍት ሰውየው ለማን እንደሚያወራ ማወቅ አለብኝ። እሺ፣ የሚዘፍነው ሙሽራው ነው፣ «የአንቺ ነኝ» ይሁን ብዬ ቀጠልኩ። ትንሽ ዝቅ ስል ደግሞ አእምሮህን ክፈት፣ ነፃ ነህ ዓይነት ነገር ይላል። አሁንስ ለማን ነው? ለእሷ? ለራሱ? ለሰፈሩ ሁሉ?

እንደ ምንም ጨርሼ ለአያቴ አነበብኩላቸው። ቡና እየቆሉ ነበር። ማማሰያውን ይዘው በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ደግ ልጅ ነው። ግን ምኗን ነው የወደደላት?»

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። መልስ የለውም። ዘፈኑን ለዓመታት ወድጄዋለሁ፣ አሁንም እወደዋለሁ። የእማማ ጥያቄ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጊታር_በጀርባ፦

በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ጊታር አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ይህ ዘፈን እንጀራዬ ነው ብል አላጋነንኩም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ «ምን መጫወት ትፈልጋለህ?» እለዋለሁ። ስንቱ ይህንኑ እንደጠራልኝ ብቆጥር ደከመኝ።

ለምን እንደሚወደድ ከእጅ ልጀምርላችሁ። የተቀዳው በቢ ሜጀር ነው። ቢን በቀጥታ ለመያዝ አመልካች ጣትህ ክሩን በሙሉ ደፍጥጦ መያዝ አለበት። ለጀማሪ ያማል፣ ድምፁም እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ነው። ስለዚህ ካፖውን፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ ጭና የምትይዘውን መቆንጠጫ፣ የጊታሩ አንገት ላይ አራተኛው ክፍል (ፍሬት) ላይ ታስርና ጂ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ ሲ ትይዛለህ። አራት ኮርድ፣ ማለትም አራት የጣት አያያዝ። የመጀመሪያ ወር ትምህርት ነው። እነዚሁ አራቱ በዚሁ ቅደም ተከተል ሲዞሩ ይውላሉ።

ቀኝ እጅ ላይ ነው ጨዋታው። ምቱ ከሬጌ የመጣ ነው፣ ክብደቱ ከምት ቀጥሎ ነው የሚወድቀው። ክሩን መተህ ወዲያው የግራ ጣቶችህን ላላ ታደርጋለህ፣ ከክሩ ሳታነሳ። ድምፁ «ቸክ» ብሎ ይሞታል። ይህቺ «ቸክ» ናት ለዘፈኑ የሚስቅ ፊት የምትሰጠው። ተማሪ ይህን የያዘ ቀን ትከሻው ይወርዳል፣ ፊቱ ይፈታል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ደግሞ አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። ቢልቦርድ ሆት 100 በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 76 ሳምንት ቆይቷል። በጊዜው ሪከርድ ነበር፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ኢማጂን ድራጎንስ የሚባሉት ባንድ እስኪሰብሩት ድረስ። ከፍተኛው ደረጃው ግን ስንተኛ ይመስላችኋል? 6ኛ። አንደኛ ሆኖ አያውቅም። ማንም አላበደለትም፣ ማንም ደግሞ ሬዲዮውን አልዘጋበትም።

ባቲ_ሜጀር፦

እማማ የሙዚቃ ሃያሲ ሆነው ይቀጠሩልን። ጨረሱት እኮ!

የእኛን ሀገር የፍቅር ዘፈን አስቡት። አይኗ አለ፣ ጥርሷ አለ፣ አንገቷ አለ። አረማመዷ አለ። የት እንዳያት አለ፤ ወንዝ ወርዳ፣ ገበያ ውላ። ሀገሯ ይጠራል። ግነቱ በዛ በሉ፣ ግድ የለም፣ ቢያንስ መንገድ ላይ ብታገኛት ታውቃታለህ። ይሄኛው ግን ብርድ ልብስ ነው። ማንም ቢለብሰው ይሞቀዋል። ለማን እንደተሸመነ ግን አይታወቅም።

አራት ኮርድ መዞሩም ያው ነው። ምንም አይሆንም። መነሻና መድረሻ የለውም። ቅኔ የለው፣ ሰምና ወርቅ የለው። ቀሽም ነው አልልም፤ ፈታ ያደርጋል። ግን ሠርግ ላይ? ሙሽራ ፊት?

ጆሮ_ጠቢ፦

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለእውነት ስል ነው። ጆሮ አላት። «ጠጋ በይ የእኔ ውድ፣ ጆሮሽን ነከስ ነከስ ላድርገው» የሚል ቦታ አለ። ስለዚህ ምንም የላትም አትበሉ።

ባቲ_ሜጀር፦

አንድ ጆሮ ያላት ሙሽራ። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ብርቱካን_ልጣጭ፦

ጆሮ_ጠቢ፣ እሷን መስመር እኔ ዘልያታለሁ። ለአያቴ እንዴት አድርጌ ላንብባት?

ለንደን_ደመና፦

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ዘፈኑ የካሊፎርኒያ ባህር ዳርቻ ይሸታል፣ አይደል? ሰውየው ስሙን የተከለው ሳንዲያጎ ካፌዎች ውስጥ እየዘፈነ ነው። አልበሙ የተቀዳው ግን እዚህ ምዕራብ ለንደን፣ ኬንሳልታውን ስቱዲዮ ነው። ከደመና በታች።

ፕሮዲዩሰሩ ስዊድናዊ ነው። ስሙ ማርቲን ተረፈ። አዎ፣ ተረፈ። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ስልኬን ወደ አይኔ አስጠግቼ ደግሜ አነበብኩት። ሌላውን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ዘፈኑ በ2008 እ.ኤ.አ. በይፋ ከመውጣቱ በፊት ከ2005 ጀምሮ በማሳያ ቅጂ ከሰው ሰው ሲዞር ነበር። አድናቂዎቹ ኮንሰርት ላይ አብረው ይዘፍኑት ነበር። አልበም ውስጥ ሲገባ ቫዮሊን ሊደረድሩበት፣ ከበሮ ሊያፈርጡበት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ጊታሩ ከፊት ነው፣ ድምፁ ጆሮህ ስር ነው። አጠገብህ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስላል። ባቲ፣ አንተ ባዶ የምትለው እኮ ሰው እንዲቀመጥበት የተተወ ቦታ ነው።

ሰም_ፈላጊ፦

ሰምና ወርቅ የለውም ላላችሁት፦ ምራዝ የቼክ ስም ነው። ትርጉሙ ውርጭ ማለት ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ስንኝ ስሙት። ቀዝቀዝ ልል ሞከርኩ፣ ግን ከሙቀትሽ የተነሳ ቀለጥኩ ይላል። ውርጭ የሚባል ሰው ቀለጠ! አስቦበት ይሁን እንዲሁ ገጥሞለት እኔ ምን አገባኝ። ለአንድ አዝማሪ ይህቺን ብትሰጡት እስኪነጋ ያሽሟጥጥባት ነበር።

ባቲ_ሜጀር፦

ይሄኛዋን ተቀብያለሁ። ያናደደኝ እኔ አለማየቴ ነው።

ብርቱካን_ልጣጭ፦

ሰም_ፈላጊ፣ ተባረክ። ለእማማ እነግራቸዋለሁ። ውርጭና ደጋ ያውቃሉ፣ ይገባቸዋል።

ትናንት ማታ ደግሜ ወረቀቱን ሳይ ሌላ ነገር አየሁ። ዘፈኑ ውስጥ እንደ ፊልም ጥርት ብሎ የሚታይ አንድ ትዕይንት ብቻ ነው ያለው። ሰውየው መስታወት ፊት ቆሞ ምላሱን ያያል። ጎንበስ ቀና ይላል፣ በደንብ ለማየት። ትንፋሹ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። በጣቱ አዲስ ፊት ይስልበትና ይስቃል። ይህን ስተረጉም እስክሪብቶዬ አንዴም አልቆመም። አያቴም እዚያ ላይ ሳቅ ብለው ነበር።

ግን እሷ እዚያ የለችም። መስታወቱ ፊት ብቻውን ነው።

ለዓመታት የፍቅር ዘፈን መስሎኝ ነበር። ራሱን ማስጨነቅ ስለተወ ሰው ነው እንዴ የተዘፈነው? «የአንቺ ነኝ» ሲል ለሕይወት ይሁን ለሰው አይለይም። ተርጓሚ ሆኜ ባልቀመጥ ኖሮ ይህን አላየውም ነበር።

ሻርጃ_ማታ፦

እኔ ደግሞ የወደድኩት ለዚያ ነው። ፍቅረኛ ሳይኖረኝ ነው የወደድኩት። ሥራ ጨርሼ ማታ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ስሰማው ማንንም ናፍቂ አይለኝም። የእኛ ዘፈን እኮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እናትሽ ጓሮ ወስዶ ያስለቅስሻል። ደክሞኝ ስገባ ማልቀስ የማልፈልግበት ቀን አለ።

የማይሰራበት ቦታ ግን አለ፣ በራሴ የደረሰ ነው። ሀገር ቤት እያለሁ የስልኬ ጥሪ ይህ ዘፈን ነበር። የአክስቴ ባል አረፉና ልቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ጥቁር በጥቁር። አንዷ ሙሾ እያወረደች ነው። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ከነጠላዬ ስር ነው። ጮኸ። ያቺ ጊታር «ቸክ፣ ቸክ» ማለት ጀመረች። ቦርሳውን ስከፍት ዚፑ ነጠላዬን ነከሰው። አይከፈትም። ሰውየው ደስ ብሎት ዘፈነ፣ ዘፈነ። ሙሿ ቆመች። ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አክስቴ ብቻ አልዞረችም። አይኗን ጨፍና «ተዉት፣ ይዝፈን» አለች።

ያን ቀን ማታ የስልኬን ጥሪ ቀየርኩ። ዘፈኑን ጠልቼ አይደለም። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም የሚለን ነገር አልነበረውም። የሚያውቀው አንድ ፊት ብቻ ነው፣ እሱም የሚስቅ ፊት።

ባቲ_ሜጀር፦

ነፍስ ይማር። እህቴ፣ ከልቤ ነው ያነበብኩት። የአክስትሽ ነገር ግን…

የጥንቱ_ቤዝ፦

ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። ጽሑፍ ላይ ብዙ አልናገርም፣ የልጅ ልጄ ናት የምታሳየኝ።

በወጣትነቴ ሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር። ራት ከመቅረቡ በፊት አንድ ሰዓት አለ። ሰው እየገባ፣ ካፖርት እየሰቀለ፣ ወንበር እየሳበ። ለዚያ ሰዓት የሚሆን ዜማ ለብቻው ነበረን። ለዘብ ያለ፣ የማያቋርጥ፣ ወሬ የማያስቆም። ቀላል ይመስላችኋል? ከባዱ እሱ ነው። ቤዝ የያዘ ሰው አንድ ኖታ ቢያበዛ ሹካ ይቆማል።

አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ አንድ ትልቅ ሰው መጡና «ሙሽሮች ሲገቡ ትዝታ ተጫወቱ» አሉን። ባለ ገንዘብ ናቸው፣ ታዘዝን። ሳክስፎኑ ገና ሁለት ጊዜ ሲተነፍስ የሙሽሪት እናት ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ የሚዜው እናት። ከዚያ ማዕዱን የሚያሳልፈው ልጅ ትሪውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ሙሽራው ግራ ገብቶት ሚስቱን ያያል። እኔ ያን ቀን በተጫወትነው ልክ አሳምረን የተጫወትነው የለም። ግን ሁለተኛ ለሙሽራ መግቢያ ትዝታ አንነካም ተባባልን።

እና ልጄ ብርቱካን፣ ለሠርጉ እሱኑ ይዝፈን። ለእናታችን ጥያቄ ግን ዘፈኑን አትጠይቂው። ልጁን ጠይቂው።

ብርቱካን_ልጣጭ፦

እሺ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ። ልጁን እጠይቀዋለሁ።

ጆሮ_ጠቢ፦

ጋሼ ያሉትን ሳነብ ትዝ አለኝ፦ እኔ ሠርግ ላይ የጄምስ ብለንትን «ዩር ቢውቲፉል» ሲያስገቡ አይቻለሁ። በ2005 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ላይ፣ በዓመቱ አሜሪካ ላይ አንደኛ የሆነው። ቃሉን ስሙት እስቲ። ሰውየው ባቡር ውስጥ አንዲት ሴት ያያል። ከሌላ ወንድ ጋር ናት። በቃ፣ መቼም የእሱ እንደማትሆን ያውቃል። ያ ነው ታሪኩ። ሙሽራ ገባበት፣ ኬክ ተቆረሰበት፣ ሚዜዎቹ እጃቸውን አወዛወዙ! ሰው ድምፅ ነው የሚሰማው፣ ቃል አይደለም። ስለዚህ የእናንተ ሙሽራ በብዙ ይሻላል።

ጊታር_በጀርባ፦

ሁለት ነገር ልበልና ወደ ተማሪዎቼ ልመለስ።

አንደኛ፣ ሰውየው ከባድ ነገር አይችልም እንዳትሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያሳወቀው «ዘ ሬመዲ» የሚለው ዘፈን ካንሰር ስለያዘው ጓደኛው ነው። ዜማው ግን የሚያስዘልል ነው። ሀዘን እንኳን በአፉ ሲገባ ፈገግ ብሎ ነው የሚወጣው። ተፈጥሮው ነው መሰለኝ። አሁን ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ የአቮካዶ እርሻ አለው፣ ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ።

ሁለተኛ፣ ባቲ «ምንም አይሆንም» ላልከው። ይሆናል። አንድ ጊዜ። አዝማቹ መጨረሻ አካባቢ መወደድ መብታችን ነው የሚልበት ቦታ አለ። ሁሉም ሰው «እግዚአብሔር የሰጠን መብት» ይላል ብሎ ይጠብቃል። እሱ ግን «እግዚአብሔር የተወው» የሚል ቃል ነው የሚያስገባው። ተሳስቶ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ኮርዱን እያየሁ ነው የምፈርደው። ሲዞሩ የዋሉት አራቱ ኮርዶች እዚያው ጋ ይቆማሉ። አምስተኛ እንግዳ ትገባለች፣ በካፖው አቆጣጠር ኤ ሰቨን። ወለሉ ትንሽ ዘንበል ይላል። «መወደድ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ የሚጠራው እሷ ላይ ቆሞ ነው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ጂ ይመለሳል።

ከሠላሳ ተማሪ ሃያ ዘጠኙ እሷን ኮርድ ይረሳታል። ለሙሽራው ንገሪልኝ።

ባቲ_ሜጀር፦

ሄጄ ሰማሁት። አለች። ደግሜ ሰማሁት። እሺ፣ አለች። ግን አንድ ኮርድ አንድ ጆሮ… ቆጥረን ቆጥረን ሙሽራ አንሠራም እኮ። አሁንም ከእማማ ጋር ነኝ።

ብርቱካን_ልጣጭ፦

ሠርጉ ትናንት ነበር። ድምፄ ተዘግቷል፣ እግሬ አብጧል። ግን ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

ትርጉሙን ተውኩት። ጋሼ እንዳሉት ልጁን ጠየቅኩት። «እማማ ምኗን ነው የወደደላት እያሉ ነው» አልኩት። ቀላ። ምንም አላለኝም።

አዳራሹ ውስጥ ጊታሩን አንግቶ ሲወጣ ማይኩን ያዘና ወደ አያቴ ጠረጴዛ ዞረ። «እማማ፣ ጠይቀውኛል» አለ። «እኔ ስነዳ ጋቢና ተቀምጣ ታንቀላፋለች። ተኝታ፣ አይኗ ተጨፍኖ፣ በእግሯ ፍሬን ትረግጣለች። ፍሬኑ እኔ ጋ ነው እኮ። እሱን ነው የወደድኩላት።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እህቴ ፊቷን በቬሏ ሸፈነች። አያቴ ብቻ አልሳቁም፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ የሚሉበት ነቅነቅ ነው፣ እናውቀዋለን።

ከዚያ ዘፈነ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በደንብ ሄደባቸው። «ቸክ» የምትለውም ነበረች። ኤ ሰቨኗ ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ጠፉበት። ቆመ። እህቴ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ፣ እንደገና ከላይ ጀመረ። ሁለተኛውን ጊዜ አገኛት። ጊታር_በጀርባ፣ ለሃያ ዘጠኙ ተማሪዎችህ ሠላሳ ብለህ ልትጨምርበት ነበር፣ ለጥቂት ተረፈ።

መሃል ላይ ቃል ትቶ «ዱ ዱ ዱ» የሚልበት ቦታ አለ አይደል? እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ቃል አለቀበት እንዴ?» አሉኝ።

የውርጩን ነገር ነገርኳቸው። «ታዲያ እሱን ነበር በአማርኛ የሚለው» አሉ።

ባቲ_ሜጀር፦

የፍሬኗን ነገር ማን ግጥም ያደርጋታል? እኔ ልሞክር ነው። እንኳን ደስ አላችሁ።

ሻርጃ_ማታ፦

የኔ ቆንጆዎች፣ አብሮ ያርጅ ያፍጅ። ቪዲዮ ካለ ላኪልን።

ማታ_ፈረቃ፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ዛሬ ጊታር አነሳሁ። ድምፄ ወፍራም ነው። ካፖ አራት ላይ አዝማቹ አልወጣልኝ አለ። ምን ላድርግ?

ጊታር_በጀርባ፦

ካፖውን ሁለተኛው ፍሬት ላይ አውርደው። አያያዝህ ያው ነው። ቀስ ብለህ ጀምር፣ ኤ ሰቨኗን እንዳትረሳ።